አባዬ እጁን ማመን የተወበት ቀን

ፋሲካ ካለፈ በኋላ በአንዱ ሰኞ ጠዋት፣ ከሰሚት ወደ ቦሌ ለሚ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት አገጩ ሥር ቁራጭ ሶፍት ለጥፎ ነበር። ሲላጭ ተቆርጦ መሆን አለበት፤ ከሶፍቱ መሐል ምስር የምታክል ቀይ ነጥብ ትታያለች። ረዳቱ "ሒሳብ፣ ከኋላ!" ሲል ልጁ ኪሱን ለመፈተሽ ጎንበስ አለና ሶፍቱ ተላቆ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። "ውይ፣ ይቅርታ እህቴ" ብሎ አነሳው። ችግር የለውም ልለው ፈልጌ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እስኪደርስ ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። እኔ እንዲህ ነኝ፤ መልሴ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ያን ቀን በምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ። የመስመራችን ኃላፊ አንዱን አንስታ፣ "ማርታ፣ ይኼን ሸሚዝ የሚለብሰው ሰው አንገቱ በየት በኩል ነው?" አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዓይኔ ላይ የነበረው ግን ያቺ ቀይ ነጥብ ናት፤ ከእሷም ጀርባ የአንድ ሽማግሌ ጉንጭና የአባዬ እጅ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ከተውኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አባዬ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሥራውን የተማረው ሆሳዕና፣ ከአንድ አንጋፋ ፀጉር አስተካካይ ሲሆን፣ ከእሳቸው የተሰጠው አንድ ታጣፊ ምላጭ ነበረው። ዛሬ በየፀጉር ቤቱ እንደምናየው ስለቱ ተለውጦ የሚጣል አይደለም፤ ስለቱና ገላው አንድ የሆነ፣ ተከፍቶ የሚሠራ፣ ተጣጥፎ የሚቀመጥ ነው። በየጥቂት ወሩ አንዴ ድንጋይ ላይ ይሳላል። ከዚያ ውጭ ስለቱን የሚጠብቀው ጠፍር ነው፤ ክንድ የሚያህል ርዝመት ያለው፣ በአንድ ፊቱ ወፍራም ጨርቅ፣ በሌላው ቆዳ።

አባዬ ብዙ አያወራም፤ ስለ ምላጩ ከተነሣ ግን አያቆምም። ጠፍር ላይ የሚኬደው መቼ ነው ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ "ፊት ሊነካ ሲል። ከነካ በኋላ አይደለም።" ተላጭቶ የጨረሰውን ሰው ሸኝቶ ምላጩን ያጥባል፣ ያደርቃል፣ በአልኮል ይጠርጋል፣ ከዚያ ገርበብ አድርጎ ከፍቶ መደርደሪያው ላይ ያሳድረዋል። ያን ጊዜ ጠፍር አያስነካውም። "ስለት ሲሠራ ውሎ ይጎብጣል። ሲያድር ራሱን ያቃናል። የጎበጠውን ቸኩለሽ ብታሺው ይሰበራል" ይለኝ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። በማግሥቱ ግን ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ በሙቅ ውኃና በሳሙና እየራሰ ሳለ፣ አባዬ ጠፍሩን ያወርዳል። ጨርቁ ላይ አሥር፣ ቆዳው ላይ ሠላሳ። ሁልጊዜ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ በጀርባው ይገለበጣል።

ሱቃችን ከሰሚት ከፍ ብሎ በመንገድ ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ግድግዳዋ ምስማር አይችልም፤ ጠፍር ሰቅለው ሲስቡ ቆርቆሮው እየተንኳኳ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ የጠፍሩን ሌላ ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። በሁለት እጄ ይዤ፣ እግሬን ከፍቼ፣ ወደ ኋላ እወጥራለሁ።

"ጥብቅ ማርታዬ፣ እንደ ከበሮ።"

"ጠብቋል አባዬ።"

"ይጨምር።"

ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ድምፁን ሲሰማ፣ "ጋሽ ላምቤቦ፣ በሬ ልታርድ ነው እንዴ?" ይለዋል። አባዬም፣ "ዝም በል፤ አንገትህ እኔ እጅ ውስጥ ነው" ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ መቆም የቻልኩት በዚያች ሥራ ብቻ ነው። ማንም አያየኝም፤ ሁሉም የሚያየው ምላጩን ነው።

ከዚያ መንገዱ ሲሰፋ ሱቋ ፈረሰች። አባዬ ዕቃውን ቦርሳ ውስጥ ጨምሮ ቤት ለቤት መላጨት ጀመረ። ወጣቱ ማሽን ይፈልጋል፤ ትልልቆቹም ልጆቻቸው ጢማቸውን በማሽን ይከረክሙላቸዋል። በሳምንት ሁለት ሰው፣ ከዚያ አንድ ሰው ሆነ። አባዬ አያማርርም። ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጎረቤት ሲያልፍ ጉንጩን እያየ ይከተለው ነበር።

ሐምሌ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀን ሰው ወሬ አመጣልን። ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ምድር ቤቱ ላይ የወንዶች ፀጉር ቤት ሊከፍት ነው፤ የባለቤቱ አባት በድሮ ምላጭ ካልሆነ የማይላጩ ሰው ስለሆኑ እንዲህ ያለ ባለሙያ እየተፈለገ ነው። አባዬ ያን ሲሰማ ተነሥቶ ቆመ፤ መልሶ ተቀመጠ። "እኔ አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው" አለ። ሰውየው፣ "እሳቸው ሰማንያ ናቸው፤ ልጅ ነህ ማለት ነው" አለው። ሐሙስ በአራት ሰዓት እንዲመጣ ቀጠሩት።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ነቃን። እማዬ አተካና ልትሠራ ቡላውን አውጥታ ቅቤውን እያነጠረች ነበር፤ በእኛ አገር አተካና ለደስታ ነው የሚሠራው። አባዬ፣ "ሥራው ሳይያዝ?" አላት። "ተይዟል በለኝ" አለችው። እኔ ጠፍሩን ወጠርኩ፤ እሱ አሥርና ሠላሳውን ጨረሰ፤ ክንዱ ላይ ፀጉሩን ሞከረ። ስለቱ ፀጉሩን ሳይነካው የሄደ ይመስል ነበር። "እዚያ ደግሞ ሰውየው ሲቀመጡ ትንሽ እንጨምርበታለን። አንቺ ትወጥሪልኛለሽ" አለ። ይዞኝ የሄደው ለዚህ ነው።

ሆቴሉ ወለሉ ስለሚያበራ የት እንደምረግጥ ጨነቀኝ፤ ጫማዬ ጭቃ ነበረው። የፀጉር ቤቱ ኃላፊ የተባለች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ተቀበለችን። አባዬ ቦርሳውን ከፍቶ ጠፍሩን ሲያወጣ ዓይኗን አፈጠጠች።

"ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት? ቀበቶ?"

"ጠፍር ናት ልጄ። ስለት ማለስለሻ።"

"እንግዳ ፊት ባትታይ ይሻላል። ከኋላ ያድርጉት። እሷም እዚያው ትጠብቅዎት።"

አባዬ "እሺ" አለ። ከኋላ ያለው ክፍል አንሶላ የሚታጠፍበት ነበር። እስከ ጣሪያ የተደረደረ ነጭ አንሶላ፤ ትኩስ የሳሙና ሽታ፤ ግድግዳው ላይ የውኃ ቧንቧ። እዚያ ተቀመጥን። አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት አለፈ። ሽማግሌው፣ የባለቤቱ አባት፣ ዝናቡ ይዟቸው አልመጡም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አባዬን ፎርም ሊያስሞሉት ወደ ቢሮ ጠሩት፤ እኔና ቦርሳው ቀረን።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ምላጩ ጠፍር ላይ ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎታል። ፊት ሊነካ ሲል ነው የሚባለው። ሽማግሌው በድንገት ቢመጡ አባዬ ይጣደፋል፤ ጊዜ አይኖረውም። እኔ ደግሞ አሥርና ሠላሳውን፣ ጀርባው እንዲቀድም፣ በጀርባው እንዲገለበጥ አውቃለሁ። ስንት ዓመት ያየሁት ነገር ነው።

ጠፍሩን ቧንቧው ላይ አሰርኩ። ሌላውን ጫፍ በግራ እጄ ያዝኩ፤ ምላጩን በቀኝ እጄ። ጨርቁ ላይ አሥር፣ ቆዳው ላይ ሠላሳ። አባዬ ሲያደርገው ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የእኔ ግን እንደሚጎተት ነጠላ ጫማ ይል ነበር። አንሶላው ድምፁን ውጦት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለርግጠኝነት ሌላ ሠላሳ ጨመርኩ። አጣጥፌ ቦታው መለስኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታ አተካናው ሲቀርብ እነግረዋለሁ፣ ይገርመዋል ብዬ አስቤ ነበር።

አባዬ ሮጦ ገባ። "መጥተዋል፤ ቁጭ ብለዋል። ቦርሳውን!"

"አባዬ…"

"በኋላ ማርታዬ። ልጅቷ እየጠበቀች ነው። የጠዋቱ ይበቃናል።"

ምላጩን ይዞ ወጣ። ክንዱ ላይ ሳይሞክረው። ጠዋት ሞክሮታላ።

በሩ መሐሉ ላይ መስታወት ነበረው፤ በዚያ አየኋቸው። ሽማግሌው ረጅም፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው ናቸው። አባዬ በትኩስ ፎጣ ፊታቸውን ሸፈነ፤ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አደረገ፤ ቀባቸው። ከዓመት በኋላ ጀርባው ቀጥ ብሎ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው በአረፋው ውስጥ ሆነው፣ "እግዜር ይስጥህ፤ ሰው እጅ ላይ ከወደቅሁ ስንት ጊዜዬ" ሲሉ ይሰማል።

መጀመሪያ ከጆሮ ሥር ወደ ታች ሳበ። የሽማግሌው ትከሻ ትንሽ ከፍ አለ።

"ምላጩ ይይዛል መሰለኝ" አሉ።

"ይቅርታ አባቴ፤ ጢምዎ ጠንካራ ነው" አለ አባዬ። ሳሙና ጨመረ። ደግሞ ሳበ። ስለት ካልሄደ ሰው እጁን ይጫናል፤ ይኼን አሁን ሳስበው ነው የገባኝ። ተጫነ። ከአረፋው ላይ ቀይ መስመር ወጣ፤ ቀስ እያለ ወርዶ ነጩ ፎጣ ላይ ሰፋ። ልጅቷ "ውይ!" አለች። አባዬ በፎጣው ጫን አድርጎ ያዘላቸው፤ ያን ጊዜ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ሦስተኛ ሊስብ አነሳው፤ መልሶ አስቀመጠው።

ልጅቷ አንድ ነገር ልትናገር ስትል ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻል ነበር።

"ተይው፤ አትቆጪው" አሏት። ወደ አባዬ ዞረው፣ "እጅህ ደክሟል ወንድሜ። ምንም ነውር የለበትም። እኔም መኪና መንዳት የተውኩት እንዲህ ሲያደርገኝ ነው" አሉት።

አባዬ እጅ ነሣና ዕቃውን ሰበሰበ።

እስከ ቦሌ ድልድይ በእግራችን ሄድን። ዝናቡ ቆሞ አስፋልቱ ይተናል። ድልድዩ አጠገብ አንዲት ሴት በጃንጥላ ሥር በቆሎ እሸት ትጠብስ ነበር፤ አባዬ አንድ ገዝቶ ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ። በግራ እጁ ነበር የሰጠኝ። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ፣ ገርጂን እስክናልፍ ድረስ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያየዋል። እኔም አየዋለሁ። እጁ ጸጥ ብሎ ነበር።

"አባዬ" አልኩት።

"ዝም በይ ልጄ። ሰውየው እውነታቸውን ነው።"

ቤት ስንደርስ እማዬ ገና በሩ ላይ "እንኳን…" ብላ ፊቱን አይታ አቆመች። አተካናውን በላን፤ ቅቤና ወተት የገባበት ምግብ አይጣልም። የማንኪያው ድምፅ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አባዬ ሳይነሣ ምላጩን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ደህና ስለት አይታይም ይላል አባዬ፤ ብርሃን የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ ካበራ ሞቷል። የምላጩ አፍ ከዳር እስከ ዳር እንደ ነጭ ክር አበራ። ያን ጊዜ የጠፍሩ ድምፅ መጣልኝ። ጠፍሩ ረግቦ ነበር። ስንት ዓመት ጫፉን ይዤ "ጠብቋል" ስል፣ የእኔ መወጠር ራሱ ሥራው መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ ሥራው የአባዬ እጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በአንድ እጅ የተያዘ ጠፍር ይረግባል፤ በረገበ ጠፍር ላይ ስለት ተቆልምሞ ይሞታል። እኔም ሰባ ጊዜ አስኬድኩት።

ገብቼ ልንገረው ተነሣሁ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እስኪነቃ አልኩ። ሲነቃ እማዬ ነበረች። ማታ ጎረቤት ነበር። በሦስተኛው ቀን ቁራሌውን፣ የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢውን፣ በሩ ላይ ጠርቶ ምላጩንም ጠፍሩንም ሰጠው። ስንት እንደተቀበለ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ምን ይዤ እነግረዋለሁ አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ራሴን ስጠይቅ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው እላለሁ፤ ዓይን አፋርነት ግን ሦስት ቀን ነው ቢበዛ። ቀሪው ሌላ ስም አለው።

አባዬ ግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ጥበቃ ሆነ። ሊላጩ የሚመጡትን "እጄ ደክሟል" ብሎ ይመልሳቸዋል፤ መጀመሪያ እያፈረ፣ በኋላ እንደ ሰላምታ። ሠርግ ላይ ሥጋ ቁረጥ ሲሉት ቢላውን ለሌላ ያቀብላል። እማዬ ከሞተች በኋላ ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም መኖር ጀመረ። ልጄ ስትወለድ፣ ሕፃን ክርስትና ማንሣት የሌለን ቢሆንም በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ተይዞ ይጸለይለታል፤ ፓስተሩ አያት ይያዛት ሲሉ አባዬ ሁለት እጁን ከኋላው ደበቀ። "አይ፣ እጄ አይታመንም። ብትወድቅስ?" አለ። ያን ዕለት ልጄን ይዤ ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ፓስተሩ መጸለይ ጀመሩ።

ሶፍቱ ጉልበቴ ላይ ከወደቀበት ሰኞ በኋላ ባለው እሑድ ከሰዓት፣ ልጄ ውጭ ስትጫወት፣ አባዬ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሳለ ነገርኩት። ከቧንቧው ጀምሬ ሁሉንም። አሥራ ሁለት ዓመት ስለተለማመድኩት ሳልደናቀፍ ወጣ።

ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ የባለሙያ ጥያቄ።

"ስለቱን በብርሃን አየሽው?"

"አየሁት አባዬ። አበራ።"

ከውጭ የሕፃናት ጩኸት ይሰማል።

"እጄ ደህና ነበራ?"

"ደህና ነበር።"

ቀኝ እጁን አነሳና ከፊቱ ያዘው። አሁን በእውነት ይንቀጠቀጣል፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሐኪሙም የዕድሜ ነው ብሎታል። አየው፣ አየው፣ ወደ ጉልበቱ መለሰው።

"ያን ጊዜ ልጅሽን ልይዛት እችል ነበር ማለት ነው" አለ።

ይቅር በለኝ አልኩት። "ይቅር ብዬሻለሁ፤ ልጅ ነበርሽ" አለኝ። ወዲያው ነው ያለኝ፤ ሳያስብ። ቀጥሎ፣ ድምፁ ሳይቆጣ፣ "ግን ምነው ባትነግሪኝ? እርጅና ነው ብዬ ከፈጣሪ ጋር ታርቄ ነበር" አለ።

የተናገረ ይቀለዋል ሲባል እሰማ ነበር። ምናልባት በጊዜው ለተናገረ ነው። እኔ የነገርኩት እሱን ላድን ይሁን ራሴን ላሳርፍ እስካሁን አጣርቼ አላውቅም፤ ያረፈ ግን የለም። ከዚያ እሑድ ወዲህ አባዬ ልጄ ስትሮጥ በዓይኑ ይከተላታል፤ ለመጥራት አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋል። አራት ዓመቷ ነው፤ ብትጠራም አትያዝም፤ ተንሸራታ ታመልጣለች።

ጠዋት ለሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ይመርቀኛል። አላሳጠረውም፤ አንድ ቃል አላጎደለም። ምርቃቱን ጨርሶ ይጠብቀኛል። ደረጃውን ወርጄ፣ ጨርሼ፣ ታክሲ ተራው ስደርስ ነው አሜን የምለው።